«አርያ» የጸጉር ቀለም አይደለም

«አርያን» ሲባል ጸጉረ ወርቃማ፣ ዓይነ ሰማያዊ አውሮፓዊ ድቅን የሚልበት ሰው ብዙ ነው። ተራ ስህተት ቢሆን በሳቅ ይታለፍ ነበር፤ ይህ ግን ሰው ያስፈጀ ተረት ነው።

ቃሉን ኢራን ውስጥ ድንጋይ ላይ እናገኘዋለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ522 እስከ 486 የነገሠው ዳርዮስ፣ ናቅሼ ሩስታም ባለው መቃብሩ ላይ ፋርሳዊነቱን ተናግሮ፣ አርያ መሆኑንና ከአርያ ወገን መወለዱን ይጨምራል። ቤሂስቱን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ «አርያ» የቋንቋ ስም ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. አፍጋኒስታን ውስጥ የተገኘው የንጉሥ ካኒሽካ ጽሑፍም የባክትርያን ቋንቋ በዚሁ ስም ይጠራዋል።

ዘር ቆጣሪዎቹ አንዲት እውነት ይዘዋል፦ ዳርዮስ የተናገረው ስለ ትውልዱ ነው። ስለዚህ «ክቡር ማለት ብቻ ነው» የሚለው ማስተባበያም ጎዶሎ ነው። የቃሉን ጥንተ ሥር በተመለከተ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። የሚከራከሩት ግን ስለ ወገንና ስለ ክብር እንጂ ስለ ቆዳ ቀለም አይደለም።

ቀለሙን የቀባው 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ጎቢኖ ከ1853 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ለነጭ ዘር የበላይነት አዋለው። የቋንቋ ሊቁ ማክስ ሙለር በ1888 ቃሉ ቋንቋን እንጂ ደምንና ጸጉርን እንደማይመለከት ቢያስጠነቅቅም ሰሚ አላገኘም። በ1933 ናዚዎች «አርያን ያልሆነ» ያሉትን ሰው ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ሕግ አወጡ፤ ከዚያ የተከተለውን ዓለም ያውቀዋል። ከፈጇቸው መካከል «ጂፕሲ» ሲባሉ የኖሩት ሮማዎች ይገኙበታል፤ ቋንቋቸው የሕንድ አርያ ቤተሰብ ነው! ይህን እያወቁ ዛሬም «የአርያን ደም» የሚሉትን መታገሥ ይከብዳል።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ አያደክሙም።

«ኢራን የሚለውን ስም በ1935 ናዚዎች አወጡት።» በዚያ ዓመት ሬዛ ሻህ የውጭ መንግሥታት «ፋርስ» ማለት ትተው «ኢራን» እንዲሉ ጠየቀ እንጂ ስሙ አልተፈጠረም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ንጉሥ አርዳሺር ራሱን «የኤራን ንጉሠ ነገሥት» ብሎ ነበር፤ ትርጉሙም የአርያዎች ማለት ነው።

«ኢራንና ኢራቅ አንድ ሥር አላቸው።» የላቸውም፤ በአረብኛ ኢራቅ የሚጀምረው በዐይኑ «ዐ»፣ ኢራን ደግሞ በአልፋው «አ» ነው።

«አርያምም ከዚያው ነው።» አይደለም፤ ከፍታን ከሚያመለክተው የግእዝ «ረየመ» የወጣ፣ የራሳችን ቃል ነው።