ላኩልኝ ያለ ሰው

በቀወት ወረዳ ጤፍ ወይም ማሽላ የሚዘራ ገበሬ 8028 ሲደውል ሒሳብ አይቆረጥበትም። የዛሬው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ ገና ኤጀንሲ ሳለ፣ መስመሩን በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ፊደል ያልቆጠረም እንዲገለገልበት መልሱን በድምፅ አደረገው። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ ያዳምጣል። ከሁሉ ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ግን ምዝገባው ነው፦ ገበሬው የሚኖርበትን አካባቢና የሚዘራውን ሰብል ያስመዘግባል። ደጋ ላይ የስንዴ ዋግ ቢነሳ ማስጠንቀቂያውን ለስንዴ ዘሪው ልኮ የቀወትን ቆላ ገበሬ አለማስቸገር የሚቻለው በዚህ መዝገብ ነው።

የኢሜይል ማስታወቂያም በወጉ ሲሠራ አካሄዱ ይኸው ነው። ከሸዋ ሮቢት ማሾ ሰብስቦ ለውጭ ገዢ የሚያቀርብ ነጋዴ «ዋጋ ሲለወጥ ላኩልኝ» ላሉት ብቻ ይጽፋል። ያለ ፈቃድ መላክ ግን ቆየት ያለ ልማድ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጌሪ ቱርክ የተባለ አሜሪካዊ የሽያጭ ሰው አዲስ ኮምፒውተር ለማስተዋወቅ 400 ገደማ ለሚሆኑ የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ መረብ) ተጠቃሚዎች አንድ መልእክት በጅምላ ላከ። ተቀባዮቹ ተቆጡ። እሱ ግን በዚያች መልእክት ብዙ መሸጡን ሲናገር ኖሯል፤ ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ዛሬ እንደዚያ ላድርግ የሚል ሰው መልእክቱ ገና ከመነበቡ በፊት ይያዝበታል። ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት የጫነ መኪና ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ፣ ጂሜይልና ያሁም የሚገባውን ሁሉ ይፈትሻሉ። ኤስፒኤፍ የሚባለው ዝርዝር በላኪው ድርጅት ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ያሳውቃል። ዲኪም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ማኅተም ነው፤ መንገድ ላይ ፊደል ከተቀየረ ማኅተሙ አይመሳከርም። ዲማርክ ደግሞ ፍተሻውን ያላለፈው ይለፍ፣ ወደ ስፓም (የአይፈለጌ መልእክት ሳጥን) ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን የድርጅቱን ትእዛዝ ይዟል። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፤ ለማስታወቂያ ደግሞ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫ ማበጀት ግድ ሆኗል።

ወረቀቱ የተሟላለት ሁሉ ግን አያልፍም። ከ1,000 ተቀባዮች ሦስቱ «ስፓም ነው» የሚለውን ከተጫኑ ጂሜይል ላኪውን በክፉ ዓይን ማየት ይጀምራል። ሦስት ሰው! ገበያ ላይ አድራሻ በጅምላ ገዝቶ የሚልክ ሰው ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ያልፈዋል። በገዛው ዝርዝር ውስጥ ባለቤቱ የተዋቸው፣ አሁን ግን አይፈለጌ መልእክት ላኪን ለማጥመድ ብቻ ክፍት የተደረጉ አድራሻዎችም አይጠፉም። አንዱን የነካ ላኪ ስሙ ከጥቁር መዝገብ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ «ላኩልኝ» ላለው ደንበኛ የጻፈውም ስፓም ውስጥ ይወድቃል።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ በሕግም ያስጠይቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ በኢሜይል ማስታወቂያ ማሰራጨትን እስከ ሦስት ዓመት እስራት የሚያደርስ ወንጀል አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን ስምና አድራሻ ሰብስቦ መያዝን ራሱን ሥርዓት አስይዟል። ስልኬ ላይ በየቀኑ የሚገባውን «ዕድልዎን ይሞክሩ» ስቆጥር ግን አዋጁን ያነበበው ሰው ጥቂት ይመስለኛል።

ፈቃድ አግኝቶ በአዲስ አድራሻ የሚጀምረው ማሾ ነጋዴም ቢሆን መቸኮል የለበትም። ጂሜይል የማያውቀውን ላኪ ቶሎ አያምንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁልጊዜ ለሚመልሱለት ጥቂት ደንበኞች ይልካል፣ ከዚያም ቁጥሩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። የተመለሰበትን አድራሻ ወዲያው ይሰርዛል፤ ለወራት ያልከፈተውንም ሰው «አሁንም ልላክልህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ዝም ካለው ያወጣዋል።