እውነት ወይስ ተረት? «በውኃ የታጠበው» ሐሺሽ

«ኬሚካል የለበትም፤ በረዶና ውኃ ብቻ ነው።» አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚያመሹ ወጣቶች ስለ ካናቢስ ሲከራከሩ አሁን አሁን የሚያነሱት ነገር ይህ ነው። ድሮ ክርክሩ «ከሲጋራ ይሻላል፣ አይሻልም» ነበር። ዛሬ ግን በስልክ የሚታዩ የውጭ አገር ቪዲዮዎች ሌላ ወሬ ይዘው መጥተዋል። ቤት ውስጥ የበቀለውን ተክል በበረዶ ውኃ አጥቦ፣ ሙጫውን ለይቶ፣ አድርቆ ማጨስ። የሚገኘውን ነገር ባብል ሐሽ ይሉታል፤ በእኛ አፍ የውኃ ሐሺሽ ብንለው ያስኬዳል።

አሠራሩን ላስተምር አልተነሳሁም። በማስፈራራት ብቻ የተጻፈ ምክርም ወጣቱ ጋ ሳይደርስ ከበር እንደሚመለስ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሚባለው ውስጥ እውነት የሆነውን እውነት ነው እላለሁ፤ ተረት የሆነውንም ተረት።

ተረት፦ «በውኃ ስለታጠበ ንጹሕ ነው»

ከፊሉ እውነት ነው። የካናቢስ አበባ ላይ በዓይን በጭንቅ የሚለዩ፣ ጫፋቸው ክብ የሆነ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። አእምሮ ላይ የሚሠራው ቲኤችሲ የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው እነርሱ በያዙት ሙጫ ውስጥ ነው። ሙጫው ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ሲቀዘቅዝ ግን ተሰባሪ ይሆንና ይረግፋል፣ በወንፊትም ይለያል። በቡቴን ጋዝ ሙጫ ለማውጣት ሲሞክሩ ቤታቸው በፍንዳታ የተቃጠለ፣ ፊታቸውና እጃቸው የተለበለበ ሰዎች በሰሜን አሜሪካ ብዙ ናቸው። ውኃ ያንን አደጋ አያመጣም።

ተረቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ ጠርጎ የሚወስደው ውኃ የሚያሟሟውን ነው። ብዙዎቹ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ደግሞ ከውኃ ይልቅ ከቅባትና ከሙጫ ጋር ይጣበቃሉ። ሙጫው ሲሰበሰብ አብረው ይሰበሰባሉ፤ የብዙ ተክል ሙጫ ወደ ጥቂት ግራም ሲወርድም ቅጠሉ ላይ ተበትኖ የነበረው መርዝ በዚያችው ጥቂት ግራም ውስጥ ይጠራቀማል። ካናቢስ በሕግ በሚሸጥበት በካናዳ ምርቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለፀረ ተባይ፣ ለጀርምና ለከባድ ብረቶች በላቦራቶሪ ይመረመራል። እዚህ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውን ማን መረመረው? የሚሸጠው ሰው ራሱ ማሳው ላይ ምን እንደተረጨ አያውቅም።

ተረት፦ «እጅ ላይ ከፈረፈረ ደርቋል»

ስለ አጣጠቡ የሚያወራ ሞልቷል፤ ስለ ማድረቁ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ከውኃ የወጣ ሙጫ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ መሃሉ ግን እርጥበቱን እንደቋጠረ ይቆያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ እንኳ በቀኑ አይደርቅም። በክረምት መሶብ ውስጥ የሰነበተ እንጀራ ምን እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እንጀራው ላይ ግን አረንጓዴው ሲታይ ይጣላል፤ ቡናማ ሙጫ ውስጥ የተደበቀውን ሻጋታ ማንም አያየውም።

«እሳት ይገድለዋል» የሚሉም አሉ። አይገድለውም፤ ቢያንስ ሁሉንም አይገድልም። የሻጋታ ዘር ጫፉ ላይ ያለው ፍም ሳይደርስበት ከጭሱ ጋር ተስቦ ሳንባ ይገባል።

አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት በካናቢስ ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ጤነኛ ሳንባ አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት፣ ኤችአይቪ ሰውነቱን ያዳከመበት ሰው ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ብሎ ከመዘገባቸው አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ታክሞ ሲድን አንዳንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። አስፐርጊለስ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ተጠቅልሎ ኳስ ሠርቶ ሊያድግ ይችላል፤ ከጊዜ በኋላም ደም ሊያስተፋ ይችላል። ደም ሲታይ ቤተሰብ «ቲቢው ተመለሰ» ብሎ ይደነግጣል፤ ቲቢው ሳይመለስ ሻጋታው ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር የለም። ከዓመታት በፊት ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ይህን ጭስ ሲስብ ከጓደኞቹ የባሰ አደጋ ላይ እንዳለ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ተረት፦ «ያው ቅጠሉ ነው፣ ትንሽ ጠንከር ይላል»

ትንሽ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተያዘ ካናቢስ ሲመረመር የቲኤችሲ መጠኑ እ.ኤ.አ. በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2021 ወደ 15 በመቶ ደርሷል። በውኃ የተለየ ሐሺሽ ደግሞ ከ30 እስከ 60 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይይዛል። ሒሳቡን በትንሹ እንየው። 50 በመቶ የሚይዝ ሐሺሽ አንድ አሥረኛ ግራሙ፣ ማለትም በጥፍር ጫፍ የምትነሳዋ፣ 50 ሚሊግራም ቲኤችሲ አላት። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለጥናት እንደ አንድ መለኪያ የሚወስዱት 5 ሚሊግራም ነው። አሥር እጥፍ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ የታተመ፣ በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ በየቀኑ ካናቢስ የሚጠቀሙ ሰዎች በሳይኮሲስ (ከእውነታ በሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) የመያዝ ዕድላቸው ፈጽሞ ካልተጠቀሙት በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ እንደሆነ አገኘ። በየቀኑ ጠንካራውን የሚጠቀሙት ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ ተጠጉ። ጥናቱ «ጠንካራ» ያለው ከ10 በመቶ ጀምሮ ያለውን ነው። የእኛ ወጣቶች «ትንሽ ጠንከር ይላል» የሚሉት ከዚያ መስመር በብዙ እጥፍ ይርቃል።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። አብዛኛው ተጠቃሚ አያብድም። ነገር ግን እናቱ ወይም አጎቱ በአእምሮ ሕመም የታመሙበት፣ ዕድሜው ሃያን ያልዘለለ ልጅ ዕጣው ከሌላው እኩል አይደለም። በእኛ ቤት ደግሞ የዘመድ የአእምሮ ሕመም ስለሚደበቅ ልጁ ያለበትን አደጋ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ወላጆች ይህን ምሥጢር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ተረት፦ «ማንንም ገድሎ አያውቅም»

ካናቢስ ብቻውን እንደ ሄሮይን ትንፋሽ አስቁሞ ሰው አይገድልም፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ሃያ ሁለት ላይ ብቻውን የሚጠቀመው ብዙ አለመሆኑ ነው። ከሰዓት ጫት ይቃማል፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይከተላል፣ በላዩ ጆይንት ይለኮሳል። ጫቱ ልብን ያስሮጣል፤ ካናቢስም እንዲሁ። የልብ ችግር ያለበት ሰው በዚያች ሰዓት ምን ሊደርስበት እንደሚችል ማሰብ ነው። መጠጥና ካናቢስ ሲገናኙ ደግሞ ማስታወክ ይመጣል፤ ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ከተኛ በትውከቱ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ከዚያ በኋላ መሪ ጨብጦ ወደ መገናኛ የሚነዳውንም አንርሳ።

ተረት፦ «ጨጓራዬ ነው»

ይህኛው ብዙም አይነገርለትም፤ እኔ ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሰቃይበት ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ አዘውትረው የሚያጨሱ አንዳንድ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ማቅለሽለሽ፣ ኋላም ለሰዓታት የማይቆም ትውከትና የሆድ ቁርጠት ይይዛቸዋል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ለይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታወቅበት ምልክት አንድ ነው፤ ታማሚው ሙቅ ሻወር ውስጥ ሲገባ ይሻለዋል፣ ሲወጣ ይመለስበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆድ የታመመ ሁሉ «ጨጓራ» ነው የሚባለው፤ ለባክቴሪያ እየተባለ ኪኒን በላይ በላይ ይወሰዳል። ካናቢስ ማቅለሽለሽን ያስታግሳል ስለሚባል ታማሚው እንዲያውም ይጨምርበታል። የሚያድነው ማቆሙ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ግን ካልተነገረው አያውቅም።

ተረት፦ «ሱስ የለውም»

አለው። ሁሉንም አይዝም፤ በየቀኑ የሚጠቀመውንና በልጅነቱ የጀመረውን ግን አብዝቶ ይይዛል። ሲተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋበታል፣ በትንሹ ይቆጣል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ እየቀለለው ይሄዳል።

ተረት፦ «አንድ እግር ተክል በረንዳ ላይ ማን ይጠይቀኛል?»

የወንጀል ሕጉ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525፣ ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ የተከለውን፣ ያዘጋጀውን፣ ይዞ የተገኘውን፣ ያስገባውንና የሸጠውን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ለራስ መጠቀምም ወንጀል ነው። እያወቀ ቤቱን ለዚህ ሥራ የሰጠ ሰውም ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ክፍል የምታከራዩ ይህን ልብ በሉ።

«የተባበሩት መንግሥታት ከዝርዝሩ አውጥቶታል» የሚለውም ግማሽ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽኑ በ27 ድምፅ ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ካናቢስንና ሙጫውን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አወጣ። በ1961ዱ ስምምነት የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ግን አሁንም አሉ፤ ቁጥጥሩ አልተነሳም።

ከውጭ ለገና የሚመጡ ዘመዶቻችንም ይስሙ። ካናዳ ካናቢስን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 17 ቀን 2018 ጀምሮ ብትፈቅድም ድንበሯን ይዞ መሻገርን ራሷ ትከለክላለች። ቶሮንቶ ላይ በደረሰኝ የተገዛው ዕቃ ቦሌ ሲደርስ ደረሰኙ አያድነውም።

ተረት፦ «ራስታዎች ያመጡት ነው»፣ «ጃንሆይ ፈቅደውታል»

ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ሰው ያስቀይማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ሻሸመኔ ላይ መሬት የሰጡት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች ምስጋና ነው። ለካናቢስ ፈቃድ የሰጠ ነገር የለበትም፤ ዛሬም ሻሸመኔ ላይ የሚሠራው ሕግ ሃያ ሁለት ላይ የሚሠራው ነው። የራስታዎች መነሻ የሆነችው ጃማይካ ተክሉን ያገኘችውም ከኢትዮጵያ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጉልበት ሥራ ከተወሰዱ ሕንዶች ነው።

ወደ እኛ ምድር የገባውም ራስታዎች ከመምጣታቸው እጅግ አስቀድሞ ነው። በበጌምድር፣ ጣና አካባቢ ከሚገኝ ላሊበላ ከተባለ ዋሻ (ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ካሉበት ከተማ ጋር አይምታታ) በቁፋሮ የወጡ የሸክላ ጋያዎች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይጠጋል፤ ትምባሆ ከአሜሪካ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ተመራማሪው ኒኮላስ ቫን ደር ሜርወ ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ዛሬ ሻሸመኔ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን በጅምላ መወንጀል በታሪክም አይደገፍም።

ተረት፦ «ሆስፒታል ከወሰድነው ፖሊስ ይጠሩብናል»

ሰው የሚሞተው በዚህ ተረት ነው። ሐኪም የታካሚውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለው፤ መርካቶ አቅራቢያ ያለው አማኑኤል ደግሞ ሱስም ያክማል። በድንገት የተሸበረን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ድምፅና ብርሃን ቀንሱለት፣ ውኃ ስጡት፣ ተጨማሪ መጠጥ አትስጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። ደረቱን ካመመው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲጠሩት ካልነቃ ወይም የሌለ ድምፅ እየሰማ ራሱን ሊጎዳ ከሞከረ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ አጭሶ ነው ወይስ በልቶ፣ በስንት ሰዓት፣ ጫትና መጠጥ ነበረበት ወይ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ የሚለውን ሳትደብቁ ተናገሩ። የተበላ ከሆነ ለመነሳት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ ያመመው ገና እየባሰበት ሊሄድ እንደሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት።