ፓስታ፦ ከወራሪ ስንቅ እስከ ጾም ገበታ

በምዕራብ ጎጃም ዞን የምትገኘው ቡሬ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ከነቀምት መንገድ ጋር የሚገናኝባት የንግድ ማዕከል ናት። መንገደኛ በሚያርፍባቸው እንዲህ ባሉ ከተሞች ረቡዕና ዓርብ "የጾም ምን አለ?" ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ ከሽሮና ከበያይነቱ ቀጥሎ የሚጠራለት ምግብ ፓስታ ነው።

የጣሊያን ምግብ ወደ አካባቢው የገባው በሰላም አልነበረም። የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር ቡሬን የጦር ሰፈር አድርጓት ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. አርበኞችና በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራው የጌዴዎን ጦር ባደረሱበት ጥቃት ቡሬን ለቆ ወደ ደንበጫና ደብረ ማርቆስ አፈግፍጓል።

ከድል በኋላ በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጋራዥ፣ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት ከፍተው ኖረዋል። ሙያውን ከእነርሱ የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን የምግቡን አሠራር ወደ ሌሎች ምግብ ቤቶች አዳርሰውታል። ማኪያቶ፣ ላዛኛና ሳልሳ የሚሉት ቃላትም ከምግቡ ጋር ወደ አማርኛ ገብተዋል።

ሆኖም ምግቡ እንደመጣ አልቀረም። በጣሊያን ፓስታ ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ ምሳ ሆኗል፤ በርበሬ ተጨምሮበት በእንጀራ የሚበላበት ጊዜም አለ። ደረቅ ፓስታ በአብዛኛው የሚሠራው ከስንዴና ከውኃ ብቻ በመሆኑ፣ በዘይትና በቲማቲም ሲሰናዳ ከጾም ሥርዓት ጋር አይጋጭም። ሳይበላሽ መቆየቱና በደቂቃዎች ውስጥ መብሰሉም ለመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ተመራጭ አድርጎታል።

ከዚህ ገበታ በስተጀርባ ያለው ዋና ጉዳይ የስንዴው ዓይነት ነው። ጥሩ ፓስታ የሚገኘው ጠንካራ ፍሬና ከፍተኛ ፕሮቲን ካለው ዱረም ስንዴ ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ናሙና ከሰበሰበ በኋላ አገሪቱን የዚህ ስንዴ ብዝኃ ሕይወት ማዕከል ከሆኑት መካከል መድቧታል። ይሁንና ምርታማ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች እየተስፋፉ ሲሄዱ የዱረም ማሳ ጠቧል፤ የፓስታ ፋብሪካዎችም ጥሬ ዕቃ ከውጭ ለማስገባት ተገደዋል። በ2000ዎቹ ዓመታት በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ በባሌ የተካሄደው ፕሮጀክት አርሶ አደሮችን ከፋብሪካዎች ጋር በማስተሳሰር ችግሩን ማቃለል እንደሚቻል አሳይቷል።

በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአካባቢውን ምርት በፋብሪካ ለማቀነባበር የታሰበ ነው። ከባሌው ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ዱረም ከዳቦ ስንዴ ጋር ሳይቀላቀል ተዘርቶ፣ ተሰብስቦና ተከማችቶ በጥራቱ ልክ ዋጋ ሲያገኝ አርሶ አደሩ ያመርተዋል። ያለዚያ ግን በጾም ቀን ምሳ ከሚከፈለው ዋጋ የጥሬ ዕቃው ድርሻ ወደ ውጭ መሄዱ ይቀጥላል።