የብረትን በሙቀት መስፋፋት ሲለኩ የአካባቢን የውኃ መፍያ ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ፀሐይ ስትበረታና አመሻሽ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ የቤት ቆርቆሮ የሚያሰማው የመንቋቋት ድምፅ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም፡፡ ድምፁ የሚመጣው ብረቱ ሲሞቅ ስለሚረዝም፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ስለሚያጥር ነው፡፡ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፡፡ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም በየቀኑ ሲደጋገም የምስማሩን ቀዳዳ ያሰፋል፤ በክረምት ጣሪያ ከሚያፈስባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፡፡

የመስፋፋቱ መጠን እንደ ቁሱ ዓይነት ይለያያል፡፡ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 1 ሜትር ብረት 0 ነጥብ 012 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲረዝም፣ አሉሚኒየም 0 ነጥብ 023 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፡፡ አርማታ በዚህ ረገድ ከብረት ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ለግንባታው ዘርፍ ትልቅ ዕድል ነው፤ ባይሆን ኖሮ ፌሮውና አርማታው ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር በተላቀቁ ነበር፡፡

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተለመደው የአለካክ ዘዴ ቀላል ነው፡፡ የዘንጉ አንድ ጫፍ እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ የሚሊ ሜትር መቶኛን የሚያነብ ባለ መርፌ መለኪያ ይነካል፡፡ ከዚያም የፈላ ውኃ እንፋሎት በዘንጉ ዙሪያ እንዲያልፍ ተደርጎ መርፌው እስኪረጋ ይጠበቃል፡፡

ስሕተቱ የሚፈጠረው ስሌቱ ላይ ነው፡፡ በርካታ መጻሕፍት የእንፋሎቱን ሙቀት 100 ዲግሪ አድርገው ይወስዳሉ፡፡ ይህ በባሕር ወለል ከፍታ የሚሠራ ቁጥር ነው፡፡ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ወልቂጤ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፡፡ ቡታጅራ ከወልቂጤ ከፍ ስለምትል ቁጥሩ ጥቂት ይቀንሳል፤ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ይጨምራል፡፡

በ20 ዲግሪ የነበረ የ1 ሜትር ብረት 94 ዲግሪ ሲደርስ 0 ነጥብ 89 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፡፡ ተማሪው ይህን በ74 ማካፈል ሲገባው በ80 ካካፈለ ውጤቱ ከትክክለኛው በ7 በመቶ ተኩል ያህል ያንሳል፡፡ መርፌውን በጥንቃቄ ያነበበ ተማሪ በዚህ ምክንያት ነጥብ ሊያጣ አይገባም፡፡

ፈረንሳውያኑ ላቮዚየና ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ የብረታ ብረትን መስፋፋት በበረዶና በፈላ ውኃ ሲለኩ ይህ ችግር እምብዛም አላጋጠማቸውም፤ የሚሠሩባት ፓሪስ ለባሕር ወለል ከፍታ የቀረበች ናትና፡፡ ለደጋና ለወይና ደጋ ከተሞች ግን መፍትሔው እንፋሎቱ በሚወጣበት ቦታ ቴርሞሜትር አስገብቶ ያነበበውን ቁጥር በስሌቱ መጠቀም ነው፡፡