ፋብሪካው ያሻሽለው ወይስ የጉደር ጠጋኝ?

ከቴሌቪዥኑ ሥር ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን ዲቪዲ ማጫወቻ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈታችሁት መቼ ነው? ስልኬ ላይ ዩቲዩብና ቴሌግራም እያለ ማን ዲስክ ይከታል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የእናትና የአባታችሁ ሠርግ፣ የታላቅ እህታችሁ ምርቃት፣ የአያታችሁ ድምፅ ያለው የት ነው? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በእስክሪብቶ በተጻፈበት ዲስክ ላይ። ማጫወቻው "ኖ ዲስክ" ያለ ቀን ታዲያ ጥያቄው ይመጣል። ይጠገን? ይሻሻል? ወይስ ይጣል?

ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ የፋብሪካው ነው፤ አምራቹ ራሱ የሚያወጣው አዲስ ሶፍትዌር ወይም የተሻሻለ ሞዴል። ሌላው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሌላ እጅ የሚሠራው ለውጥ ነው፤ ሌንስ መቀየር፣ ሪጅን መክፈት፣ ከፍላሽ ሶፍትዌር መጫን።

በሀብታሞቹ አገሮች ይህ የምርጫ ጉዳይ ነበር። ኦፖ ዲጂታል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢዲፒ-83 የተባለ የብሉ ሬይ ማጫወቻ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የድምፅ ክፍሉ የተሻሻለ "ልዩ እትም" አስከተለ። ጎን ለጎን ደግሞ ትናንሽ ዎርክሾፖች ያንኑ ማጫወቻ ከፍተው የድምፅ ሰርኪዩቱን በራሳቸው መንገድ እየቀየሩ ይሸጡ ነበር። ገዢው ወይ የፋብሪካውን ዋስትና ወይ የባለሙያውን እጅ ይመርጣል። ኦፖ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ማጫወቻ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ፋብሪካው ሲሄድ የሚቀረው ጠጋኙ ነው።

ጉደር ላይ ግን ነገሩ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ ለተቀመጠችው ከተማ፣ የአምራቹ "ሰርቪስ ሴንተር" ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ነው። የብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ካርቶን ደግሞ እሱም የለውም። ስለዚህ "ፋብሪካ ወይስ ጠጋኝ?" የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ ሲደርስ መልኩን ይቀይራል፤ ጠጋኙ የቱን ሊያስተካክል ይችላል? የቱንስ ማንም አይችልም?

ሶፍትዌር የሚፈታው

ጥሩ ምሳሌው ሪጅን ነው። ዲቪዲ ሲፈጠር የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፈሏት። አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ እኛ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ውስጥ ገባን። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የላከው ኦርጂናል ፊልም እዚህ እምቢ የሚለው ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ እንዳይሠራ ተደርጎ ነው። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይህን "ፕራይስ ዲስክሪሚኔሽን" እንለዋለን። አንድን ዕቃ ለተለያየ ገበያ በተለያየ ዋጋና ጊዜ መሸጥ ከፈለግህ፣ ርካሹ ወደ ውዱ ገበያ እንዳይሻገር አጥር ትሠራለህ። አጥሩ ግን ብዙ ማጫወቻዎች ላይ በሪሞት ጥቂት ቁጥሮች በመጫን ይከፈታል። ዕቃ አይቀየርም፣ ብየዳ የለም። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ለዕውቀት የሚከፈል ነው።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ዘመድ በካሜራ ቀርፆ ራሱ ያቃጠለው ዲስክ ሪጅን የለውም። እሱ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ከተንቀጠቀጠ ችግሩ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲና የእኛው ፓል አለመግባባት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የቲቪ ሲስተሙን "መልቲ" ወይም "አውቶ" ላይ አድርጉት፤ ማንም ጋ መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ፍላሽ አላነብም ሲልም ቶሎ አትደንግጡ። አብዛኞቹ ዲቪዲ ማጫወቻዎች የሚያውቁት በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው። በዛሬ ስልክ የተቀረፀ ቪዲዮም በአብዛኛው ኤች.264 በሚባል መንገድ የታመቀ ስለሆነ አሮጌው ማጫወቻ አይገባውም። ቪዲዮውን ወደ ዲቪኤክስ ቀይሮ መጫን ማጫወቻ ከመቀየር ይረክሳል።

ማንም የማይፈታው

የሲዲ ሌዘር 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲ 650፣ የብሉ ሬይ 405 ነው። ብርሃኑ ባጠረ ቁጥር ይበልጥ የደቀቀ ጽሑፍ ያነባል። ለዚህ ነው ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ብሉ ሬይ 25 ጊጋባይት የሚይዘው። ስለዚህ "ዲቪዲህን በሶፍትዌር ብሉ ሬይ አደርግልሃለሁ" የሚላችሁ ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ሶፍትዌር የሌለ ዓይን አይተክልም።

ይህንን ትምህርት አገሩ በሙሉ በዲሽ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ገደማ ኢትዮሳት ይፋ ሆኖ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ሲዞሩ፣ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩ ሳህኖች ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረባቸው። የድሮ ሪሲቨር የነበረው ሰው ሳህኑን ቢያዞርም፣ ሶፍትዌር ቢያስጭንም፣ ኤችዲ ጣቢያዎች አልመጡለትም። ኤምፔግ-2 ብቻ እንዲፈታ የተሠራ ቺፕ ኤምፔግ-4 አይፈታማ። መጀመሪያ ለጭነት፣ ቀጥሎ ለአዲስ ሪሲቨር ሁለቴ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ሌንሱና የመረጃው ክፍተት

ማጫወቻ "ኖ ዲስክ" ሲል ሦስት ዓይነት መፍትሔ አለ። ሌንሱን ማጽዳት፣ ሌንሱን መቀየር፣ ወይም ለሌዘሩ የሚሄደውን ኃይል ጨመር ማድረግ። ሦስተኛው ወዲያው ይሠራል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን የደከመን በሬ በጅራፍ ማስሮጥ ነው፤ ሌዘሩ የቀረችውን ዕድሜ ቶሎ ይጨርሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ሠራ።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ በ2001 ኖቤል አግኝቶበታል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይከፍላል፤ ያኔ በትክክል የሚሠራው ሰው ይከስርና ከገበያ ይወጣል። ጉደር ላይም ሆነ ጊንጪ ላይ በሐቀኝነት አዲስ ሌንስ የሚቀይረውን ልጅ የሚያከስረው ፋብሪካው ሳይሆን የእኛ አለመጠየቅ ነው።

ዋጋውም ቀልድ አይደለም። ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100 ብርን አልፏል። ሌንስም፣ ካፓሲተርም፣ አዲስ ማጫወቻም የሚመጡት በዶላር ነው። የጠጋኙ ጉልበት ግን በብር ነው። ስለዚህ ከዕቃ ይልቅ እጅና ዕውቀት የሚበዛበት ጥገና አሁን ከድሮው ይልቅ ያዋጣል።

"ኦርጂናል አፕዴት" ሁልጊዜ ደኅና ነው?

አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተለያዩ አገሮች ያሉ የሳምሰንግ ብሉ ሬይ ማጫወቻዎች በኢንተርኔት ከኩባንያው ባወረዱት ፋይል ምክንያት መብራትና ማጥፋት ብቻ ሆነው ቀሩ። ባለቤቶቹ ምንም አልነኩም ነበር። አሜሪካ ያሉት በነፃ እንዲጠገንላቸው ወደ ኩባንያው መላክ ቻሉ። ከጉደር ቢሆንስ?

በፍላሽ የሚጫነውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስማቸው የተለያየ ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ውስጣቸው የሚዲያቴክ ቺፕ ነው፤ ቦርዳቸውና የሌንስ ክፍላቸው ግን ይለያያል። "ቺፑ አንድ ነው" ተብሎ የሌላ ሞዴል ፋይል ከተጫነ ዕቃው ላይነሳ ይችላል። መሃል ላይ መብራት ከሄደም እንደዚያው።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

- ሌንሱ ተቀየረ ወይስ ኃይል ተጨመረለት? ከተቀየረ አሮጌውን ስጠኝ።
- የሚጫነው ሶፍትዌር የዚህ ሞዴልና የዚህ ቦርድ ነው? የድሮው ኮፒ ተይዟል?
- ለስንት ወር ትይዝልኛለህ? ወረቀት ላይ ጻፍልኝ።

ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ፣ "ይህን ማጫወቻ ለምንድን ነው የምፈልገው?" በሉ። መልሱ ፊልም ለማየት ከሆነ ተዉት፤ ስልካችሁ ይበቃል። መልሱ የሠርጉ ዲስክ ከሆነ ግን ገንዘቡን ዲስኩን ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ አውሉት። እቤት የተቃጠለ ዲስክ ጽሑፉ ያለው ቀለም ላይ ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ያደበዝዙታል። ማጫወቻ ነገም ይገዛል፣ ሌንስም ይገኛል። የደበዘዘ ዲስክን ግን ፋብሪካም ጠጋኝም አይመልሰውም። ኮፒውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱን እናታችሁ ጋ።