ባለቡናው «ጎብኚ»

ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን፣ ጊቤ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ ወልቂጤ ላይ ቁርስ በላን። አጠገቤ የተቀመጡት አጎቴ ናቸው። ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ከአጋሮ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ ከአባታቸው የወረሱት የቡና ማሳ አላቸው። መንገዱን ሙሉ አንድ ጥያቄ እየደጋገሙ ይጠይቁኝ ነበር፦

«ግማሹን ቡና ነቅዬ ጫት ልትከል እንዴ? አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ እስቲ ንገረኝ።»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። በጅማ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ይሄንኑ ሲያሰላ ያመሻል። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፤ ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። እኔ ዲግሪ እንጂ መልስ አልነበረኝም። «መጀመሪያ ቡናዎ የት እንደሚደርስ አብረን እንይ» ብዬ ነው ወደ ኤግዚቢሽን ይዣቸው የመጣሁት።

ቦታው ሲኤምሲ አካባቢ ያለው አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ሴንተር ነው። እኛ ኤግዚቢሽን ስንባል የሚታወሰን የመስቀል አደባባዩ ማዕከልና የበዓል ባዛሩ ነበር። ከዚያ ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራው ሚሊኒየም አዳራሽ መጣ፤ እሱም በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። የሲኤምሲው በ2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናገደ። አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና፣ «ይሄ ስንት ኩንታል ይይዛል?» አሉኝ። ለእሳቸው ትልቅ ቤት ማለት መጋዘን ነው።

መግቢያው ላይ ቅጽ አስሞሉን። ስም፣ ድርጅት፣ የሥራ ኃላፊነት። አጎቴ ድርጅት የላቸውም። ባዶ ተውነው። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ባጅ «ጎብኚ» ይላል።

ውስጥ ከብዙ ዓይነት ዕቃ መሃል የቡና ላኪዎችን ረድፍ አገኘን። አንዷ ወጣት ፍል ውሃ ቀስ እያለች አፍስሳ በትንሽ የወረቀት ኩባያ ቡና ሰጠቻቸው። ፓኬቱ ላይ «ጎማ» የሚል ተጽፏል። ቀመሱና ግራ ተጋቡ። «ስኳሩስ?» ልጅቷ ሳቅ ብላ፣ ይሄ ቡና ስኳር እንደማይፈልግ፣ የአበባና የሎሚ ቃና እንዳለው አስረዳቻቸው። ደግመው ቀመሱ። ከዚያ የ250 ግራሙን ፓኬት ዋጋ ጠየቁ። ስትነግራቸው ዝም አሉ።

እኔ ስልኬ ላይ ማስላት ጀመርኩ። አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ሲቆላ ደግሞ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ያ ፓኬት ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ እሸት ነው። እርግጥ በመሃል ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማጓጓዝ፣ መቁላትና ማሸግ አለ፤ ሁሉም ወጪ ነው። ልዩነቱን ሁሉ የወጪ ነው ብሎ ማለፍ ግን አይቻልም። አንዱ ክፍል የስም ዋጋ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለን የተማርነው የጆርጅ አከርሎፍ ጽሑፍ ትዝ አለኝ። በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኋላ ለኖቤል ያበቃው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው የመካከለኛ ዋጋ ነው፤ ያኔ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ይከስራል፣ ውሎ አድሮም ከገበያ ይወጣል። እሱ የጻፈው ስለ አሮጌ መኪና ነው። እኔ ግን «ጅማ 5» ትዝ ይለኛል። ያልታጠበው የጅማ ቡና ለዘመናት በዓለም ገበያ የታወቀው በዚህ የደረጃ ቁጥር ነው። በጥንቃቄ የለቀመውም፣ አራግፎ የሰበሰበውም በአንድ ቁጥር።

ዱሮሚና የሚባል የአጋሮ አካባቢ ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ቀዩን ብቻ እየለየ ማጠብ ጀመረ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ውድድር ዳኞች ቀምሰው አንደኛ አሉት። መሬቱም ዝናቡም ያው የነበረው ነው። የተለወጠው አያያዙና፣ ቀማሽ ፊት በራሱ ስም መቅረቡ ነው። ኤግዚቢሽን ሲበዛ የገዢን ምላስና የአምራችን ስም ማገናኛ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሕጉም ወደዚያው እየሄደ ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያ ሲገባ የዋጋ መረጃና አስተማማኝ ክፍያ መጣ፤ ቡናው ግን በደረጃ ስለሚመደብ የገበሬው ስም መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ምንጩ የታወቀ ቡና በቀጥታ የሚሸጥበትን በር አስፍቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ሕግ ደግሞ ቡናው የበቀለበት ማሳ እንዲታወቅ ይጠይቃል። አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዚህ ውስጥ ለአጎቴ የሚደርሳቸው ቡናው ስም ካለው ነው።

ታዲያ ሁሌ እኛ ብቻ ለምን 350 ኪሎ ሜትር እንጓዛለን? ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመልኮ የምርምር ማዕከል አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የመስታወት ሕንፃ አልጠየቅንም። በለቀማ ወቅት ረጅም ጠረጴዛ፣ ፍል ውሃ፣ በቂ ስኒና ከማሳው የመጣ ባለቡና ይበቃል። ገዢውም ቀምሶ ሲያበቃ ዛፉን ሄዶ ያያል።

ማታ ጥያቄያቸውን መለስኩላቸው። «ለመጣ ሰብሳቢ ሁሉ እሸት ብቻ የሚሸጡ ከሆነ፣ በሒሳብ ጫቱ ያሸንፋል። ማኅበር ገብተው ቀዩን ብቻ ለይተው ካስረከቡ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።» ብዙ አሰቡ። «እንግዲያው ሩቡን ጫት አደርጋለሁ፤ የቀረው ሁለት ዓመት ይታይ» አሉ። ሙሉ ድል አይደለም፤ ግን ግማሹ ይነቀል የተባለው ሩብ ሆኗል።

ባጁን አልጣሉትም፤ ለልጆቻቸው ለማሳየት ኪሳቸው ከተቱት። በሚቀጥለው ግን «ጎብኚ» የሚለው ቀርቶ «አምራች» ቢልልኝ ደስ ይለኛል። ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን አንድ መስመር ጠፍቶ አይመስለኝም።