ዶቃ፣ ጠገራ ብርና ክር፦ የወሎን ጌጥ በእጃቸው ለሚሠሩ

ለንደን ወይም ዋሽንግተን ውስጥ የዶቃ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው የወሎን ስም መደርደሪያ ላይ ቢያገኘው አይግረመው። «ወሎ ኦፓል» የሚባለው፣ ባዞሩት ቁጥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ተበስቶና በክር ተሰክቶ ይሸጣል። ከአጠገቡም ከነሐስ ወይም ከነጭ ብረት የተሠሩ፣ ነጋዴዎቹ «የወሎ ቀለበት» የሚሏቸው ትንንሽ ክብ ዶቃዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በትርፍ ሰዓታቸው የአንገትና የእጅ ጌጥ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ገዝተው ይሰኳቸዋል። ወላጆቻቸው ከወልድያ፣ ከመርሳ ወይም ከሀብሩ ገጠር የወጡ ወጣቶች ግን ዶቃ መሰካትን ከዚያው ካደጉበት አገር ያገኙት የፈረንጅ ጊዜ ማሳለፊያ አድርገው ሊያስቡት ይችላሉ።

እንዲያ አይደለም። በወሎ የአንገት ጌጥ ተጠናቅቆ ከአንጥረኛ እጅ አይወጣም። አንጥረኛው ብሩን አቅልጦ አንድ አንድ ፍሬ ይሠራል፤ ነጋዴው ዶቃና ዛጎል ከሩቅ ያመጣል፤ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሚውል ወስና በክር የምትሰካው ግን ባለቤቷ ናት። ክሩ ሲያረጅ ፈትታ እንደገና ትሰካዋለች። ልጇን ስትድር ከመሃሉ ጥቂት ፍሬ አውጥታ ትሰጣለች። ክፉ ቀን ሲመጣ አንዱን ለገበያ ታወጣለች፤ ቀን ሲወጣላት ሌላ ገዝታ ትተካለች። ስለዚህ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ቁጭ ብላ ዶቃ የምትሰካ ወጣት አያቷ የሠራችውን ሥራ እየሠራች ነው።

ከባሕር እስከ የጁ

ወልድያ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 521 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኝ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ወልድያ ሊገባ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የሀብሩ ወረዳን ዋና ከተማ መርሳን ያገኛል። የሀብሩ ወሰን በደቡብ የሚሌ ወንዝ፣ በሰሜን አላውሃ ነው፤ በምዕራብ ጉባ ላፍቶ፣ በምሥራቅ ደግሞ የአፋር ቆላ ያዋስነዋል። አገሩ ከጥንት የጁ ይባላል። የደጋው ገበሬ፣ ግመል የሚነዳው አፋርና የራያ ሰው የሚገናኙበት መተላለፊያ ስለሆነ የአንገት ጌጡም የእነዚህን ሁሉ መንገድ ይዞ ኖሯል።

ዶቃ ወደዚህ አገር የገባው ትናንት አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈውና ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የሚተርከው «ፔሪፕለስ» ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የመስታወት ሥራዎችን ይጠቅሳል። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎችም የመስታወት ዶቃዎች ተገኝተዋል። በኋለኞቹ ዘመናት የቬኒስና የቦሔሚያ መስታወት፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዛጎልና የአውሮፓ ብር በምጽዋ፣ በታጁራና በአሰብ በኩል እየገቡ በግመል ወደ ደጋ ወጡ። ለወሎ ትልቁ መገናኛ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኘው ባቲ ነበረች። የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ነጋዴ የሚገናኝበት የሰኞ ገበያዋ ዛሬም የታወቀ ነው፤ የአምበርና የብር ጌጥ ፈላጊም ከድሮ ጀምሮ የሚያቀናው ወደዚያ ነው።

አንገት ላይ ምን አለ?

ስሞቹን ማወቅ ለጀማሪ ትልቅ ስንቅ ነው። የአንገቱ ድርዳር ድሪ ይባላል። የእግሩ አልቦ፣ የእጁ አምባር፣ የጆሮው ጉትቻ ወይም ሎቲ ነው። በድሪው መሃል የሚንጠለጠሉት ጨረቃ፣ ክብ፣ ጠብታ ወይም መስቀል የሚመስሉ የብር ፍሬዎች ጠልሰም ናቸው፤ ለውበት ብቻ ሳይሆን ከክፉ ዓይን ይጠብቃሉ ተብለው ይታሰራሉ። እንደ ቀሰም ውስጡ ክፍት የሆነው የብር ማኅደር ኪታብ የሚቀመጥበት ነው። በእስላሙ ቤት የቁርኣን ቃል፣ በክርስቲያኑ ቤት የግእዝ ጸሎት ተጽፎና ተጠቅልሎ ይገባበታል። ማኅደሩን የሚሠራው አንጥረኛ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነ ቀጭን ብር ከታየ እሱ ኩክ ማውጫ ነው፦ ጌጥም፣ የጆሮ ማጽጃም።

የብሩ ምንጭ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም፣ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ ብቻ ይቀበሉ ስለነበር ብሩ ያችኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ሰው የጌጥ ብር ሲያስፈልገው ጠገራውን ለአንጥረኛ ይሰጣል፤ አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል፣ ጠልሰም ወይም አልቦ ያደርገዋል። አንዳንዱም ሳያቀልጥ ጆሮ አስበይዶ እንዳለ ያንጠለጥለዋል። በ1945 እ.ኤ.አ. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከመገበያያነት እየራቀ ሄደ፤ ብዙው ግን በሴቶች አንገትና እግር ላይ ቀረ።

የዚያ ሁሉ ጥበብ ባለቤት የሆነው አንጥረኛ ደግሞ ተገቢውን ክብር አላገኘም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና አንጥረኛው «ቡዳ» እየተባሉ ይታሙ፣ ከጋብቻና ከርስት ይገለሉ ነበር። ሥራቸው በንግሥቶች አንገት ላይ ሲያበራ እነሱ ከጉርብትና ይርቁ ነበር። ቅርሱን የሚወድ ወጣት ይህንንም በደል አብሮ ማወቅ አለበት፤ በየጠልሰሙ ላይ ያለው የእጅ ሥራ የነዚያው ሰዎች ነው።

ቢጫው ትልቅ ፍሬ አምበር ይባላል። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ግን አምበር አይደለም። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ ፋብሪካዎች እንደ ባክላይት ካለ ሰው ሠራሽ ሙጫ የተሠራ ዶቃ ወደ አፍሪካ በብዛት ገብቷል፤ ዛሬ እሱም በራሱ አርጅቶ ሰብሳቢ አለው። ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ጨው አልሟሟ እስኪል ድረስ በውኃ ይበጠበጥና፣ ከክርና ከብር የተለየው ፍሬ ይጨመርበታል፦ አምበር ይንሳፈፋል፣ ባክላይትና መስታወት ይሰምጣሉ። ገና ወጣት የሆነው የዛፍ ሙጫ፣ ኮፓል፣ አብሮ ስለሚንሳፈፍ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በማይታይ ጎኑ ላይ ጠብ ይደረግበታል፤ ኮፓል ከሆነ ይጣበቃል። ከፈተናው በኋላ ፍሬውን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ነው።

ዶቃና እምነት

የወሎ ልጅ ከሌላው ቀድማ የምትረዳው ነገር ቢኖር በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ጎን ለጎን መኖሩን ነው። ክሩም ይህን ያሳያል። የኦርቶዶክስ ሕፃን፣ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ሲጠመቅ አንገቱ ላይ ማተብ ይታሰራል። ለጸሎት የሚያዘው መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ አለው፤ 41ዱ ኪርያላይሶን ለሚባልበት ጸሎት ነው፤ 64ቱ የእመቤታችንን ዕድሜ ያስታውሳል። ሙስሊሙ ዚክር የሚያደርግበት ተስቢሕ ደግሞ 33 ወይም 99 ፍሬ ነው። በሀብሩ የሚበዛው ሙስሊም፣ በወልድያ ከተማ የሚበዛው ክርስቲያን ስለሆነ፣ ለዘመድ ስጦታ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ፍሬ ከመቁጠሩ በፊት ለማን እንደሚሠራ ቢያስብ ደግ ነው።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ጨሌ ለአንዳንዱ ተራ የመስታወት ዶቃ ነው፤ ለብዙ ሰው ግን ከዛር ጋር የተያያዘ ነው። የዛር ባለቤት የሆነች ሴት ለ«መንፈሷ» በተመረጠ ቀለም የተሰካ ጨሌ ታስር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይህን ልማድ ስላወገዙት ጨሌውን አውጥቶ የጣለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ባለቀለም ዶቃ በብዛት ሰክታ አያቷን ልታስደስት የመጣች ልጅ አያቷ ፊታቸውን ቢያጠቁሩባት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በትሕትና «እማማ፣ የትኛው ዶቃ ለጌጥ፣ የትኛው ለዛር ነበር?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጣው ወግ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነው።

ሥራውን መጀመር

ባህላዊው የወሎ ድሪ በጥቁር ወይም በጠቆረ ሰማያዊ የጥጥ ክር ይሰካል፤ ክሩ ከአንገት ጀርባ በረጅሙ ተትቶ ይታሰራል፣ እንደ ልብሱ አንገት ይረዝማል ያጥራል። ጀማሪ ከዚሁ ይነሣ። ሰም የተቀባ የጥጥ ክር ይደረባል፤ ከባዱ ጠልሰም መሃል ይውላል፤ ከግራና ከቀኙ ክብደታቸው የተመጣጠነ ፍሬዎች ይሄዳሉ፤ ወደ ጀርባ እየተጠጋ ሲሄድ ዶቃው እያነሰ ይመጣል። በብሩና በመስታወቱ መካከል ቋጠሮ ማድረግ ይጠቅማል፦ ብሩ መስታወቱን እንዳይፈጭ፣ ክሩ ቢበጠስም ፍሬው ሁሉ እንዳይበተን።

ትንንሹ የመስታወት ዶቃ ዛሬ በአብዛኛው ከቼክ ሪፐብሊክና ከጃፓን ይመጣል። በመጠን ቁጥሩ ላይ ጀማሪ እንዳይሳሳት ቁጥሩ ባደገ መጠን ዶቃው ያንሳል፤ 11 ቁጥር ከ8 ቁጥር የቀጠነ ነው። ነሐስና ያገለገለ ብረትም ከጥንት የተለመደ ነው። እንጦጦ ላይ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች የተተኮሰ የጥይት ቀለህ አስቀልጠው ዶቃ በማድረግ የሚሠሩት ጌጥ ውጭ አገር ድረስ ይሸጣል።

የወሎ ኦፓል የሚፈልግ ደግሞ ጠባዩን ይወቅ። ድንጋዩ በ2008 እ.ኤ.አ. በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከገደል አፋፍ ተገኘ፤ አሁን ከሚሸጠው ብዙው ተቆርጦና ተበስቶ የሚወጣው ከሕንድ፣ ከጃይፑር ነው። ይህ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ የቀለሙ ነበልባል ይጠፋና እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ዘይት፣ ሽቶና ቀለም ከገባበት ግን እንደ ውኃ አይለቅም። ስለዚህ ኦፓል የተሰካበት ድሪ ሽቶ ከተቀባ በኋላ የሚደረግ፣ ገላ ሲታጠቡ የሚወልቅ ነው።

ከሥራው በፊት ዓይንን ማሠልጠን ለሚፈልግ፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመስቀልና የጌጥ ስብስብ አለው። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ፣ እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከዘረፉት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባለውን ልብስና የብር ጌጥ ይዟል። መቅደላ የወሎ ተራራ ነው፤ እቴጌይቱም በዚያው ዓመት ወደ ባሕር ጠረፍ በሚወስደው መንገድ ላይ አረፉ። ጌጣቸው ግን ዛሬም ከወሎ ርቆ በሰው አገር ይገኛል፤ ይህን መጠየቅና ማስጠየቅ የወጣቱ ትውልድ መብት ነው።

በሕይወት ያለውን ጌጥ ለማየት ነሐሴ የተሻለ ወር የለም። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይከበራል፤ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ድሪና አልቦ አድርገው ይጨፍራሉ። ከወልድያ ሁለቱም በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው።

ያረጀ ጌጥ ከገበያ ገዝቶ ወደ ውጭ ይዞ መሄድ ግን በሕግ የታሰረ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አዲስ ከተሠራው የአንጥረኛ ሥራ መግዛት የተሻለ ነው፤ ሕጉን ያከብራል፣ ሙያውም ገቢ አግኝቶ ይኖራል።

የቤተሰብ ድሪ የደረሰው ሰው ክሩን ከመበጠሱ በፊት ከፊትና ከጀርባ ፎቶ ያንሣው፤ ፍሬዎቹን በነበሩበት ተራ በጨርቅ ላይ ይደርድር፤ አሮጌውን ክር ራሱን በከረጢት ያስቀምጥ። ከዚያ መርሳ ወይም ውርጌሳ ላሉት አያት ወይም አክስት በቪዲዮ ደውሎ አንድ አንዱን ያሳይ፦ ይህ ከባቲ የተገዛ ነው? ይህን ማን አሠራው? ይህ ኪታብ ለየትኛው ልጅ ታሰረ? መልሱ ከየፍሬው ቁጥር ጋር በደብተር ይጻፍ፤ አዲሱ ክር የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው።